በጾም ወራት የደም ስኳር ሲወርድ፦ ምልክቱ፣ የመጀመሪያ እርዳታውና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ስለ ስኳር በሽታ በሕዝባችን ዘንድ በስፋት የታወቀ ነገር ቢኖር፣ በሽታው ያለበት ሰው ከጣፋጭ ነገር መጠንቀቅ እንዳለበት ነው። ዕውቀቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ዕውቀት በመሆኑ ለአደጋ የሚዳርግበት ሰዓት አለ። የስኳር ሕመምተኛ በድንገት ሲንቀጠቀጥ፣ በላብ ሲዘፈቅና የሚናገረው ሲጠፋበት፣ በአጠገቡ ያሉ ሰዎች «ስኳሩ ተነሥቶበት ነው» በማለት ጣፋጭ ነገር እንዳይቀርብለት ይከለክላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሕይወቱን የሚያተርፈው ያው የተከለከለው ስኳር ነው። መድኃኒት በሚወስድ ሕመምተኛ ላይ ስኳር ከመጠን በላይ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን ከመጠን በታች መውረድም ይደርሳል፤ መውረዱም በደቂቃዎች ውስጥ ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል።

ጉዳዩን ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ማብራራት የወደድነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መድኃኒት እየወሰደ ረጅም ሰዓት የሚጾም ምእመን ስኳሩ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በቅዳሴ፣ በስግደትና በማኅሌት ሰዓት በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ረዳት በአጠገቡ የቆመው ዲያቆን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ነው። ሁለተኛ፣ ምእመኑ ስለ ጾሙ ከሐኪም አስቀድሞ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ነው። ስለዚህ በዚህ ረገድ የካህኑ ቃል እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ሁሉ ሕይወትን የሚነካ ነው።

የደም ስኳር ለምን ይወርዳል?

የምንመገበው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ድንች በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ተለውጦ በደም አማካይነት ወደ መላው አካል ይዳረሳል። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ጡንቻንና ሌሎች ሕዋሳትን እንዲመግብ ያደርጋል። ጤነኛ ሰው ሳይበላ ሲውል ቆሽቱ የኢንሱሊኑን መጠን ይቀንሳል፤ ጉበቱም ያከማቸውን ስኳር ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ምእመን እስከ 9 ሰዓት ጾሞ፣ ቆሞ አስቀድሶ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለሰው አካሉ ይህን ሚዛን ስለሚጠብቅለት ነው።

ኢንሱሊን በመርፌ በሚወስድ ሰው ዘንድ ሚዛኑ እንዲህ አይጠበቅም። አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የገባ ኢንሱሊን ሰውየው ቢበላም ቢጾምም ሥራውን ይቀጥላል። በአገራችን ብዙ ሕመምተኞች የሚወስዱት ደመናማ መልክ ያለው ኤንፒኤች የተባለው ኢንሱሊን ከተወጋ በኋላ በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ኀይሉ ይበረታል። ለምሳሌ አንዲት እናት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የዘወትር መርፌዋን ተወግታ ቁርስ ሳትበላ ብትውል፣ መድኃኒቱ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ይህ በዐቢይ ጾም ወራት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጸሎትና ስግደት የሚደረግበት፣ ቅዳሴም የሚቀደስበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ስኳሩን ከደሟ ያወርዳል፤ የሚተካ ምግብ ግን አልገባም። ስግደቱም በበኩሉ ጡንቻን ስለሚያሠራ ተጨማሪ ስኳር ይወስዳል። እናቲቱ ብትወድቅ ምክንያቱ መድኃኒቱ፣ ባዶ ሆድና የጉልበት ሥራ በአንድ ሰዓት መገናኘታቸው ነው።

በአፍ ከሚወሰዱ እንክብሎች መካከል ደግሞ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ የተባሉት ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፉ ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርዱ ይችላሉ። ሜትፎርሚን የተባለው ብቻውን ሲወሰድ ይህን የሚያደርሰው እምብዛም ነው። ስለዚህ «ስኳር አለብኝ» ከሚል ምእመን ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው «የምትወስደው መድኃኒት የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

ከጾም ውጭም ስኳር የሚወርድባቸው ምክንያቶች አሉ፤ መርፌ ተወግቶ ምግብ ማዘግየት፣ በስሕተት መጠኑን አብዝቶ መወጋት፣ ከወትሮው የበረታ የእርሻ ወይም የሸክም ሥራ፣ ትውከትና ተቅማጥ፣ የኩላሊት ድካም ይገኙባቸዋል። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄ፣ ጠጅ ወይም ጠላም ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያደርግ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

ምልክቶቹ

ለስኳር ሕመምተኞች የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ዝቅ ብሏል ይባላል፤ ከ54 በታች ከሆነ አስጊ ነው። ይሁን እንጂ መለኪያ መሣሪያ በእጅ በሌለበት ቦታ ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚታዩት አካል ራሱ የሚያሰማቸው ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሳይሞቅ ያልባል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ድንገተኛ ረኀብና ፍርሃት ይሰማል፤ ከንፈር ይደነዝዛል። በዚህ ደረጃ ሕመምተኛው ራሱን መርዳት ይችላል።

ስኳሩ ይበልጥ ሲወርድ አንጎል ይጎዳል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኀይል 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ዋና ምግቡም ግሉኮስ ነው። ስለዚህ ሲጎድልበት ሰውየው ግራ ይጋባል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ዐይኑ ይፈዝዛል፤ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም ያለቅሳል፤ ሊረዱት የሚቀርቡትን ይገፋል። በመጨረሻም ራሱን ይስታል፤ አካሉም ሊንፈራገጥ ይችላል። በሌሊት ሲደርስ ደግሞ ቅዠት፣ ልብስን የሚያረጥብ ላብና ጠዋት ሲነሡ የሚሰማ ራስ ምታት ይታያሉ።

ሁሉም ሕመምተኛ ግን ማስጠንቀቂያውን አይሰማም። በሽታው ብዙ ዓመት የቆየባቸው፣ ስኳራቸው በተደጋጋሚ የወረደባቸው፣ እንዲሁም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ሳይንቀጠቀጡ በቀጥታ ወደ መደናገር ሊገቡ ይችላሉ።

ምልክቱ በሌላ ሲተረጎም

ከላይ የዘረዘርናቸው ምልክቶች በዐውደ ምሕረት ላይ ሲታዩ በቀላሉ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል። የሚንገዳገደውን ሰው «ጠጥቶ መጣ» ብለው ከበር ያስወጡታል። የሚጮኸውንና የሚንፈራገጠውን «መንፈስ ያዘው» ብለው ይዘው ይጸልዩለታል። ጸጥ ብላ የተቀመጠችውን አሮጊት «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ብለው ይተዋታል። በሦስቱም ዘንድ ክፋት የለም፤ የሚያልፈው ደቂቃ ግን አይመለስም። የስኳር ማነስ ሳይታከም ከቆየ አንጎልን እስከ መጨረሻ ሊጎዳ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ለካህናት አባቶች የምናቀርበው አሳብ ጸሎቱን የሚያስቀር አይደለም። ጸሎቱ ይጸለይ፤ ስኳሩም አይዘግይ። በድንገት ጠባዩ የተለወጠ ወይም የወደቀ ሰው ባጋጠመ ጊዜ አንድ ሰው ቤተሰቡን «የስኳር ሕመም አለበት ወይ? መድኃኒት ይወስዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ኪሱ ውስጥም የክትትል ካርድ ወይም የመድኃኒት ጠርሙስ እንዳለ ይመልከት። መልሱ «አዎን» ከሆነ ቀጥሎ የተመለከተው እርዳታ ወዲያውኑ ይደረግ።

የመጀመሪያ እርዳታ

ሕመምተኛው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ከሚከተሉት አንዱ ይሰጠዋል፦

• ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ፤
• አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፤
• ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ። «ስኳር አልባ» የተባለው ለስላሳ አይጠቅምም።

እነዚህ እያንዳንዳቸው 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይሰጣሉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። መለኪያ ካለ ይለካል፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ምልክቱ ካልተወው፣ ያው መጠን ይደገማል። ሲሻለው እንጀራ በሽሮ ወይም ዳቦ የመሰለ ምግብ ይመገባል፤ ፈጣኑ ስኳር ቶሎ ስለሚያልቅ ምግብ ካልተከተለው ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በመጀመሪያ ዳቦ፣ ለውዝ ወይም ቸኮሌት መስጠት ግን አይመከርም፤ ስኳራቸው ወደ ደም የሚደርሰው ዘግይቶ ነውና።

ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካልቻለ በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ውኃም ሆነ ጠበል ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ ይተኛ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ይላላ፤ ቢንፈራገጥ በኀይል አይያዝ፣ በአፉም ማንኪያ አይከተት። በዚያው ቅጽበት ተሽከርካሪ ተፈልጎ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ፤ በዚያ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል። ቤተሰብ «መድኃኒቱን ስላልወሰደ ነው» ብሎ ኢንሱሊን እንዳይወጋው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከእንክብል የተነሣ ስኳሩ የወረደበት ሰው ነቅቶ ቢነጋገርም ወደ ጤና ተቋም መሄዱ አይቅር። የእነ ግሊቤንክላማይድ ኀይል በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በኋላ፣ እንደገና ሊወርድ ይችላል።

«ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መለኪያ በሌለበትና መለየት ባልተቻለበት ጊዜ የነቃውን ሰው እንደ ዝቅታ ቆጥሮ መርዳት ይገባል። ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ የተሰጠው ጥቂት ስኳር ለጊዜው የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሳለ መከልከል ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ውሳኔው ከጾሙ በፊት ይሁን

ብዙ ምእመናን ምልክቱ እየተሰማቸው «ጥቂት ሰዓት ነው የቀረኝ፣ ጾሜን አላፈርስም» ብለው ይታገሣሉ። የመንፈሳዊ ትጋታቸውን ክብር እናውቃለን። ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት እንዲወስን የሚጠየቀው አእምሮ ራሱ በስኳር እጥረት የደከመ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሕመምተኛው፣ የንስሐ አባቱና ሐኪሙ በሚመክሩበት ጊዜ ማለቅ አለበት።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሕሙማን ርኅራኄ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። የሐዋርያት ቀኖናት ጾምን ሲያዝዙ በሥጋ ደዌ የተከለከለውን ለይተው ያያሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጢሞቴዎስን እንደ መከረው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፣ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ እንደሚያስተምር አባቶች ያውቁታል። ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጥያቄ በተነሣበት ዘመንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ወደ ጠበል የሚሄድ የስኳር ሕመምተኛም ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፤ ማቋረጥ በሌላ አቅጣጫ ስኳሩ ከመጠን በላይ ከፍ እንዲል አድርጎ ለሞት ሊያደርስ ይችላልና።

በምክሩ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው ከጥሉላት ምግብ መከልከል፣ ሁለተኛው ሰዓት መጾም ነው። ስኳር እንዲወርድ የሚያደርገው በዋናነት ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ለብዙ ሕመምተኞች ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ተከልክለው፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ግን በሐኪም በተወሰነላቸው ሰዓት እየተመገቡ ጾሙን ከወገናቸው ጋር የሚያሳልፉበት መንገድ ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያ እርዳታ የጠቀስነው የስኳር ብጥብጥም ጥሉላት የሌለበት ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሰማ ምእመን በጭንቅ ሰዓት አያመነታም።

ሰዓት መጾም ለሁሉም እኩል አያሰጋም። በምግብ ሥርዓት ብቻ ወይም በሜትፎርሚን ብቻ የሚታከም ሰው ስጋቱ አነስተኛ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን የሚወስዱ፣ በተለይም ከልጅነት ጀምሮ በሽታው ያለባቸው፣ በቅርብ ወራት ስኳራቸው ወርዶ በሌላ ሰው የተረዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ከፍተኛ አደጋ ላይ ናቸው። መጾም የሚችለውም ቢሆን የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት በሐኪም መስተካከል አለበት። ካህኑ የመድኃኒት መጠን አይወስንም፤ ሐኪሙም ስለ ቀኖና አይፈርድም፤ ምእመኑ ግን የሁለቱንም ቃል አስማምቶ መያዝ ይኖርበታል። ለዚህም ከዐቢይ ጾም፣ ከፍልሰታና ከጾመ ነቢያት አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል። ሦስቱም በተስማሙበት ቀን ደግሞ የንስሐ አባቱ «ምልክቱ በተሰማህ ሰዓት ቅመስ፤ ከእኔ ፈቃድ አለህ» የሚለውን ቃል በግልጽ ይንገሩት።

አገልጋዮችና የአብነት ተማሪዎች

ችግሩ በምእመናን ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በመቅደስ የሚያገለግል ካህን ወይም ዲያቆን ኢንሱሊን የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ከሥጋ ወደሙ በፊት የሚጠበቀው የ18 ሰዓት ጾም፣ የማኅሌቱ ሌሊትና የቅዳሴው ርዝመት ተደምረው ሸክሙን ያከብዱበታል። እንዲህ ያለ አገልጋይ ሕመሙን እንደ ነውር ደብቆ መቀደስ የለበትም። ለአስተዳዳሪውና አብረውት ለሚገቡት ልዑካን ያስታውቅ፤ ተራ በሚደለደልበት ጊዜም ሕመሙ ግምት ውስጥ ይግባ። በስብከት፣ በማስተማርና ሕሙማንን በመጎብኘት የሚያገለግልበት በር ሰፊ ነው።

የአብነት ተማሪ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ ያለ ኢንሱሊን አያኖርም፤ ኢንሱሊን ደግሞ በሰዓቱ ምግብ ይፈልጋል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ ግን ምግቡን መቼ እንደሚያገኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ተማሪ በጉባኤ ቤቱ ከተገኘ መምህሩ ጓደኞቹን ምልክቱን ያስተምሩ፤ ሰበካ ጉባኤውም የዘወትር ቀለቡን ይቻልለት። የምግብ እጦት ያለባቸው ድሆች ሕመምተኞችም በዚሁ ዐይን ሊታዩ ይገባል። መድኃኒት አግኝቶ እህል ያጣ ሰው ስኳሩ የሚወርድበት በጾም ቀን ብቻ አይደለም።

ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ ይችላል?

የሚያስፈልገው ወጪ በማንኛውም አጥቢያ ዐቅም የሚቻል ነው።

1. በክዳን የተዘጋ ስኳር፣ ንጹሕ ውኃ፣ ማንኪያና ብርጭቆ ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ቁልፉ በቅዳሴ ሰዓት በአጠገብ በሚገኝ ሰው እጅ ይሁን።

2. ዐቅም ያለው አጥቢያ የደም ስኳር መለኪያ ይግዛ። የመመርመሪያ ስትሪፑ ጊዜው እንዳያልፍበት ይታይ። ከመለካቱ በፊት ጣት ይታጠብ፤ ስኳር የነካ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያልና።

3. ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ከወንድም ከሴትም ጥቂቶች ተመርጠው በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ይሠልጥኑ። በሴቶች መቆሚያ በኩል የምትወድቅ እናት በፍጥነት የምትረዳው በዚያ በኩል የሠለጠነች እኅት ስትኖር ነው።

4. የንስሐ አባቶች ከጾም በፊት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ይጠይቁ። የሚሰሙት ሁሉ ምስጢር ሆኖ ይጠበቅ።

5. በጾሙ መግቢያ ከቅዳሴ በኋላ አጭር ማስታወቂያ ይነገር። ሕመምተኞች የክትትል ካርዳቸውንና ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ በኪሳቸው እንዲይዙ፣ በአጠገባቸው ለሚቆመው ሰውም ሕመማቸውን እንዲነግሩ ያሳስብ።

6. በዕለተ ስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆየው ጾምና ስግደት ለእነዚህ ሕሙማን ከባድ በመሆኑ የሠለጠኑት ረዳቶች በዕለቱ ተመድበው ይቁሙ፤ የመጓጓዣ ተሽከርካሪም አስቀድሞ ይታሰብበት።

የስኳር ሕመምተኛ በድንገት ጠባዩ ሲለወጥ ስኳር ይቀድማል፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ በአፉ ምንም ሳይሰጥ ወደ ሕክምና ይሮጣል። ይህን ያህሉን በየአጥቢያው ያለ አንድ ዲያቆንና አንዲት እናት ቢያውቁት የሚተርፍ ሕይወት አለ። የሰበካ ጉባኤ አባላት ይህን ጽሑፍ በሚቀጥለው ስብሰባቸው እንዲያነቡትና ከጾሙ በፊት የስኳሩን ማስቀመጫ ቦታ፣ የሚሠለጥኑትንም ወጣቶች እንዲወስኑ በአክብሮት እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።